የዘለልኳት መስመር

ሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዐቢይ ጾም ገባ። በየጾሙ መግቢያ አንድ መልካም ልማድ እጀምርና በሦስተኛው ቀን እተወዋለሁ፤ የዘንድሮው ይህ ደብተር ነው። የምጽፈው በሥራ ቦታዬ፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን እጅ ሥራ ይፈልጋል።

ዛሬ «የሰሞኑ ንባብ»ን ለቀቅኩ። በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት የቴሌግራም ገጽ ላይ በየሳምንቱ ስለ እምነት፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ጤናና ስለ ቴክኖሎጂ ያነበብኩትን በአማርኛ አሳጥሬ አወጣለሁ። ሦስት ዓመት ሞላኝ። የዛሬው አራት ነገር ነበረው፦ በብራና የተጻፈ ግዕዝ የሚያነብ ኮምፒውተር፣ ከመኝታ በፊት ስልክ ማየት እንቅልፍን እንዴት እንደሚነሳ፣ ከሕመምተኛ ጋር የሚጸልዩ ሐኪሞች፣ መጨረሻ ላይ ጾምና የስኳር በሽታ። የመጨረሻውን «ጾም ስኳርን እንደሚያወርድ ሳይንስ መሰከረ» አልኩት። ርዕሱ የኔ ነው። ጥናቱ እንዲህ ደፍሮ አይናገርም፤ እነሱ «ሊሆን ይችላል» ማለት ይወዳሉ።

እስከ ስምንት ሰዓት ዘጠኝ መቶ ሰው አነበበው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ መለሰ ደውሎ «አኮራኸን ባምላክ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰው። ሌሎች ገጾችም ስሜን እየቆረጡ ወስደውታል። ስሜን መቁረጣቸው ትንሽ ከነከነኝ።

ባለቤቴ ሰርካለም ነርስ ናት። እራት ላይ ስልኬን ተቀብላ አነበበችው።

«እዚህ ጥናት ውስጥ መርፌ የሚወጉ ሰዎች ነበሩበት?» አለችኝ።

«አላስታውስም» አልኳት። ጽሑፉ ረጅም ነበር።

«ከመለጠፍህ በፊት ለኔ ብታሳየኝ ምን ነበረበት?»

ይህን ስትለኝ የመጀመሪያዋ አይደለም። እኔ ሐኪም ነኝ አላልኩም። ያነበብኩትን ነው የምጽፈው።

እሑድ፣ የካቲት 23

ከቅዳሴ በኋላ አንድ የማላውቃቸው አዛውንት እጄን ይዘው «ጾማችን መድኃኒት መሆኑን በሳይንስ አሳየኸን» አሉኝ። ቤቴ እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም።

ለእኅቴ ለአባይነሽ ደወልኩ። ከዳባት በላይ፣ ደጋው ላይ ነው የምትኖረው። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን አንድ ጊዜ የሰማችው ነገር አይጠፋትም። የዘወትር ጸሎቱን ሁሉ በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ በጆሮዋ ነው የያዘችው። እኔ በመጽሐፍ ስደግም የምስተውን እሷ ከጓዳ ሆና ታርመኝ ነበር። ስኳር ከያዛት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጠዋትና ማታ ራሷን ትወጋለች።

«እንዴት ነሽ እትዬ?»

«ሸጋ ነኝ። ውሃ ውሃ ይለኛል እንጂ ሸጋ ነኝ።»

«ጾም ነዋ፤ ጥም መቼ ይቀራል።»

«እሱስ ነው። ያችን ንባብህን ቃልኪዳን ሰኞ ለት በስልክ አነበበችልኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ወንድሜ እንዲህ ሁኖ ይጻፍ አልኩ።»

ቃልኪዳን ልጇ ናት፣ የግብርና ባለሙያ። ሳምንቱን ሙሉ ቀበሌ ለቀበሌ ስትዞር ትሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ዘንድ ትገባለች። እትዬ ስለ ንባቡ የተናገረችው ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

የዳባት መንገድ ዝግ ነው። ኔትወርክም የለም። አዲስ ነገር አይደለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ቃልኪዳን ደወለች። «አያ፣ እናቴ ከስታለች። ቀሚሷ ይዞራታል። ጎረቤት ግን ጾም ሲሰምር እንዲህ ነው ይላል።» ድምጿ ይቆራረጣል። ስለ መርፌው ልጠይቃት ስል መስመሩ ጠፋ። መልሼ ልደውል ነበር፤ ስብሰባ ጠሩን።

ከስብሰባው ስመለስ ያንን ጥናት ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ከታች፣ መጨረሻው አካባቢ እንዲህ ይላል፦ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም፤ ያለ ሐኪም ምክርም መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም። ለርዝመት ብዬ ነው የዘለልኩት። ሰው ስልክ ላይ ረጅም ነገር አያነብም።

እትዬ እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም። ስድስት ዓመት ስትወጋ የኖረች ሰው ናት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

መስመሯን ጨመርኳት። ጠዋት፣ ከቤት ሳልወጣ። አሁን ጽሑፉ ሙሉ ነው። ከሰዓቱ አጠገብ «ተስተካክሏል» የምትል ደቃቅ ቃል ትወጣለች። ስንት ሰው ነው እሷን የሚያይ? ማንም ምንም አላለኝም።

እትዬ ዘንድ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ዝግ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ሦስት ሺህ ስምንት መቶ። ቁጥሩን ማየት ትቼ ነበር። ዛሬ አየሁት፤ እንደ ድሮው አላስደሰተኝም። ከነዚህ ውስጥ መስመሯን ከጨመርኩ በኋላ ያነበቡት ስንት ይሆኑ?

እሑድ፣ መጋቢት 7፣ መጻጉዕ

ስለዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ ስለኖረው በሽተኛ እየተሰበከ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወጥቼ አነሳሁ። ቃልኪዳን ናት፤ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ወጥታ ነው ኔትወርክ ያገኘችው፤ ነፋሱ ይሰማኛል።

«አያ፣ እናቴ አልነቃ አለችኝ። ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ትንፋሿ የበሰለ ሙዝ፣ የበሰለ ሙዝ ይሸታል።»

«መርፌዋን ወግታለች?»

 «ማሰሮውን ንጋት ላይ ከፈትኩት» አለች። እትዬ መርፌውን እርጥብ አሸዋ በተደረገበት ማሰሮ ነው የምታስቀምጠው። «አራቱም ብልቃጥ እንዳለ ነው፣ አያ። አንዱም አልተነካ። አፏ ሳይያዝ ምነው እናቴ ስላት፣ ጾሙ መድኃኒት ነው ተብሎ የለ፣ ወንድሜ ነው የጻፈው፣ በጾም መርፌ ምን ያስወጋኛል አለች። ተጾሙ መግቢያ ጀምራ ነው የተወችው።»

ሰርካለም ከሴቶቹ በኩል አይታኝ ወጥታ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «አሁኑኑ ቃሬዛ አሠሩ። ጤና ጣቢያ። ምንም አትጠብቁ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ።  ስልኩን እጄ ላይ መልሳ ጥላኝ ሄደች።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

በቃሬዛ አራት ሰዓት ተጉዘው ጤና ጣቢያ ደርሰዋል። በደም ሥሯ ፈሳሽ እየሰጧት ነው። መርፌም ጀምረዋል። ወደ ጎንደር ትላክ ብለዋል። መንገዱ ዝግ ነው። አምቡላንሱ ቆሟል።

ሰባት ሰዓት። ዝግ ነው።

አሥር ሰዓት። ዝግ ነው። ዛሬ መጾሜንም አለመጾሜንም አላውቅም፤ ምግብ አላሰኘኝም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ከቀትር በኋላ መንገዱ ተከፈተ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ገባች። አላወቀችኝም። በአባታችን ስም ጠራችኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

የአጥሚት ፔርሙስ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ሰማሁ። «የዳባቷ እናት መርፌ ያቆሙት ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር ተነብቦላቸው ነው። ማን ይሆን እንዲህ እየጻፈ የሚለቀው?» አንዷ ተማሪ ሳቀች። እኔ ጫማዬን አየሁ። ክሩ ተፈትቷል። ጎንበስ ብዬ አሰርኩት፤ የማያልቅ ይመስል ቀስ ብዬ አሰርኩት፤ ቀና ስል ሄደዋል።

ቃልኪዳንም ብትሆን የተማረች ናት። ስታነብላት «መርፌሽንስ?» ማለት ነበረባት። መንገዱም ዝግ ባይሆን እዚህ ባልደረሰ። እኔ ሐኪም ነኝ አላልኩም።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሼ አነበብኩት። ያሳፍራል። አልሰርዘውም፤ የሰረዝኩትና የጨመርኩት ይበቃኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ።

እትዬ ከትናንት ጀምራ ነቅታለች። ፊቷ ጠቧል፣ ዓይኗ ግን የድሮው ነው። ሰርካለም ጠጉሯን እያበጠረችላት ነበር። ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ያችን ንባብህን ይዘሃታል?» አለችኝ።

«የቷን?»

«የስኳሯን። አንብብልኝ።»

«አሁን ምን ያደርግልሻል እትዬ? ዕረፊ።»

«አንብብልኝ አልኩህ።»

ስልኬን አውጥቼ ከርዕሱ ጀመርኩ። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ከኔ ጋር እኩል ታንቀሳቅሳለች፤ ልክ ዱሮ ጸሎት ስደግም እንደምታደርገው። አንድም ቃል አልቀደመችኝም፣ አንድም አልቀረችም። መጨረሻው አካባቢ ስደርስ ከንፈሯ ቆመ። እኔ መስመሯን አንብቤ ጨረስኩ።

«ይችኛዋ አልነበረችም» አለች።

«ነበረች» አልኳት። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ እንዲህ ነው ያልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። «ቃልኪዳን ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችልኝ። እኔ ማንበብ አልችልም እንጂ መስማት እችላለሁ።» ከዚያ ጽሑፌን ከርዕሱ እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጣችው። የኔን አማርኛ፣ የኔን «በእርግጥም»፣ የኔን «ሳይንስ መሰከረ» ሳትል አላለፈችም። የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች ጸጥ ብለው ሰሙ። ያቺ መስመር የለችበትም።

«መቼ አገባሃት?»

የምሸሽበት አልነበረኝም። «መጋቢት ሦስት።»

«እኔ የወደቅሁስ?»

«ሰባት።»

በጣቷ ቆጠረች። «አራት ቀን ቀድመህ አውቀሃል።»

«ደውዬ ነበር። ስልኩ ዝግ ነበር።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት።»

የሰርካለም ማበጠሪያ ቆመ።  እትዬ እንድትቆጣኝ ፈለግሁ። ልጅ ሆኜ ስትቆጣኝ ቶሎ ያልፍላት ነበር።

«እኔስ ይሁን፤ ወንድም አለኝ፣ ነርስ አለችኝ፣ እዚህ አደረሳችሁኝ» አለች። «እንደኔ በጆሯቸው የሰሙት ናቸው የሚያሳዝኑኝ። አንተ ወረቀትህን ታርመዋለህ። የነሱን ጆሮ ማን ያርመዋል?»

«አስታውቃለሁ» አልኳት።

«ዛሬ።»

«ዛሬ» አልኩ። አሁን ቤት ገብቼ ይህን እየጻፍኩ ነው። ገጹን ግን አልከፈትኩትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለርዝመት ብዬ አልነበረም የዘለልኳት። ጽሑፉ አምሮ መጥቶ ነበር፤ ያቺ መስመር ስትገባ ቀዘቀዘብኝ። ሰው «አሜን» ብሎ እንዲጨርስ ነበር የፈለግሁት። ግዕዝ ስለሚያነበው ኮምፒውተር ስጽፍ አይጥ የበላውን ቦታ እንደማይሞላ፣ ባዶውን ባዶ ብሎ እንደሚተወው አንብቤ ተደንቄ ነበር። እኔ ባዶነቱን እንኳ አላስቀረሁም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

መለሰን አማከርኩ። ማማከር አልነበረብኝም፤ ከልክሎኝ ብገላገል ብዬ ነው። «በዝምታ አርመኸዋል፣ በቃ። ሰው ሁሉ ይስቅብናል። የወጣቱ እምነት ይናጋል» አለኝ። እውነት መሰለኝ። እውነት እንዲመስለኝ ነው የሄድኩት።

እትዬ ጠየቀችኝ፦ «ለሰው ነገርህ?»

«ነገ።»

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ጽፌ ሰረዝኩ። ሦስት ጊዜ። ከሥራ ያባርሩኝ ይሆን? ያ ወጣት ሐኪም ስሜን ሲያይ ያውቀኝ ይሆን? የገዛ እኅቱን ሊገድል ነበር ይሉኛል ብዬ... ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ያለው ይኸው ነው።

«ነገርህ?»

«ነገ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

በጠዋት በቁስቋም በኩል አቀበቱን ወጥቼ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። አባ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ለበሽተኛ ጾሙም ቢሆን እንደ አቅሙ መሆኑን፣ መርፌ ማቆም ከማንም አባት እንደማይታዘዝ ነገሩኝ። «ይህን ብትጠይቀኝ በዚያው ሰሞን እነግርህ ነበር» አሉ።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እፈታሃለሁ። ግን በአደባባይ ያጠፋኸውን እኔ ጓዳ አምጥተህ ታራግፋለህ? ሂድና እዚያው ያጠፋህበት ቦታ ላይ ተናዘዝ። ከዚያ ና።»

ቁልቁለቱን እየወረድኩ፣ ቆሜ፣ ስልኬ ላይ ጻፍኩት፦

«የካቲት 17 ቀን ስለ ጾምና ስለ ስኳር የጻፍኩት ጎዶሎ ነበር። ጥናቱ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችን አላካተተም፤ ያለ ሐኪም መድኃኒት ማቋረጥ እንደማይገባም ይላል። ይህን መስመር እያወቅኩ ዘለልኩት። መጋቢት 3 ቀን ለማንም ሳልናገር መልሼ አስገባሁት። የፊተኛውን የሰማች አንዲት ሴት መርፌዋን አቁማ ለሞት ደርሳ ነበር። እኅቴ ናት። መርፌ የምትወጉ አታቁሙ። ያቆማችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ማንበብ ለማይችሉት በቃል ንገሩልኝ። ባምላክ።»

ለቀቅኩት።  ለእትዬ ሄጄ አነበብኩላት። «ድገመው» አለች። ደገምኩት። ከዚያ በቃሏ መለሰችልኝ፤ ልክ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ስድቡ ብዙ ነው። «ነፍሰ ገዳይ» ያለኝ አለ። «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አባቴ መርፌውን ትናንት መልሶ ጀመረ» ያለም አለ። መለሰ ገጹን ለሌላ ሰው አስረክብ ብሎኛል። ይሁን።

አራት ሰዓት ላይ አንድ መልእክት ገባ። ስሙ ወንዴ ይላል፤ ስልክ ቁጥሩ አይታይም።

«ጤና ይስጥልኝ። ከሳንጃ አለፍ ብሎ ገጠር ነን። እናቴም የፊተኛውን ሰምታ መርፌውን ትታለች። ከሰኞ ጀምሮ ትተኛለች፣ ስትነቃም አታውቀንም። ምን ላድርግ?»

ሰኞ። እኔ ጽፌ ሦስት ጊዜ የሰረዝኩ ዕለት።

ወዲያው መለስኩ፦ «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። መርፌ ማቆሟን ንገራቸው። ስልክህን ላክልኝ።» አንድ ምልክት ወጣ። ሲያነበው ሁለተኛዋ ትመጣለች።

አልመጣችም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

አንድ ምልክት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ያን አካባቢ ኔትወርክ የለም አሉ። መናኸሪያ ሄጄ የሳንጃ ሹፌሮችን ጠየቅሁ። «ወንዴ የሚባል? እናቱ ስኳር ያለባት?» አንዱ ሳቀ። «ጋሼ፣ እዚያ ወንዴ የማይባል ማን አለ?»

ሰርካለም በምታውቃቸው ነርሶች በኩል ታፈላልጋለች። ከመጻጉዕ ወዲህ መጀመሪያ ያናገረችኝ በዚህ ጉዳይ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

አንድ ምልክት። የእናቱን ስም እንኳ አላውቅም፤ ጸሎት ላይ «የወንዴ እናት» እያልኩ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

እትዬ ከሆስፒታል ወጣች፤ እኛ ቤት ናት። ጠዋትና ማታ መርፌዋን ስትወጋ ከፊቷ እቀመጣለሁ። እንዳላምናት አይደለም። «ያ ልጅስ?» ትለኛለች በየቀኑ። እኔም የሚለውን እነግራታለሁ፦ አንድ ምልክት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ቤቱ ሞልቷል። ቃልኪዳን ከዳባት መጥታለች፤ ሰርካለም ከሌሊት ተረኛነቷ ገብታ ሳትተኛ እንግዳ ታስተናግዳለች። እትዬ መርፌዋን ወግታ፣ ሐኪም የፈቀደላትን ያህል ቆርሳ፣ መርቃ ተቀምጣለች። እኔ የልማዴን ስልኩን ከፈትኩ።

ሁለተኛዋ ምልክት መጥታለች።

እትዬ ጎን ተቀመጥኩ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ወንዴ አይቶታል።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«የላክህለት ስንት ቀኑ ነው?»

«ሃያ አምስት።»

የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ሃያ አምስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቃለች፤ እሷ በሦስት ሳምንት ነው የወደቀችው። ቃልኪዳን መሳቋን አቆመች።

«ምን ብሎ መለሰ?»

«ምንም።»

«እንግዲያ አንተ ጠይቀው። እናትህ እንዴት ናት በለው።»

ጻፍኩ፦ «እናትህ እንዴት ናት?» ወዲያው ሁለት ምልክት ሆነ። ወንዴ እዚያው አለ። ስልኩን ይዞ ተቀምጧል፣ እንደኔ። ከስሙ ሥር አንዲት ቃል ብቅ አለች፣ ጠፋች፣ ደግሞ ብቅ አለች።

እትዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ፊደሉን አታውቀውም፣ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

«ምን ይላል?» አለችኝ። «የሚለውን ብቻ ንገረኝ። ሳትቀንስ።»

«እየጻፈ ነው ይላል» አልኳት። «ሌላ ምንም አይልም።»